«ወፍጮ ነው እንዴ ያገባሁት?»

ማንኮራፋት በአገራችን ቀልድ ነው። ለቅሶ ቤት በሉት፣ ስብሰባ በሉት፣ የመስክ ሥራ በሉት፣ ሰዎች ተደርድረው ባደሩበት ሁሉ ጠዋት የሚነሣው የመጀመሪያው ወሬ «ማታ ያ ትራክተር የማን ነበር?» የሚል ነው። ሳቅ ይከተላል። ያንኮራፋውም ሰውዬ አብሮ ይሥቃል። እንዲያውም «እንቅልፉን ለጥጦ ተኛ፣ ታድሎ!» ብለው የሚቀኑበት አይጠፉም። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለማያስቀው ነገር ነው። በሁለት ማንኮራፋት መካከል ስላለችው ዝምታ። ትንፋሽ ጥርቅም ብላ ስለምትቆምባትና አጠገብ የተኛ ሰው ብቻ ስለሚሰማት ዝምታ።

ዕድሜዬ 33 ነው። ትዳር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው መካነ ሰላም ነው፤ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና። ከተማዋን ለማታውቋት፣ ከደሴ ተነሥታችሁ የአቀስታን ብርድ ቀምሳችሁ ወደ ምዕራብ ስትዘልቁ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ እየተቆረሰ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። ይህን ከፍታ አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ነው እንጀራዬ። ወፍራም የምባል ሰው አይደለሁም። አንገቴ አጠር፣ አገጬ ገባ ያለ ነው፤ እሱም ከአባቴ ወገን የመጣ ነው። አባቴም ነፍሱን ይማረውና በእንቅልፉ ጣሪያ የሚያነቃንቅ ሰው ነበር።

ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን ትቀልድብኝ ነበር። «ወፍጮ ነው እንዴ ያገባሁት? ደንቆሮ ጫካ ድረስ ይሰማል'ኮ!» ትለኛለች። ደንቆሮ ማለት ከእኛ ብዙ የማይርቀው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩበት ደን ነው። ስሙ ደንቆሮ ይባል እንጂ የእኔን ማንኮራፋት ሳይሰማ አልቀረም!

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቀልዱን ተወችው። አንድ ቀን ጠዋት ቡና እያፈላች፣ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ፣ «አንተ ሌሊት ትሞታለህ'ኮ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ታንኮራፋለህ፣ ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ጸጥ። ደረትህ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ትናንት እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ስበህ ትነሣለህ፣ መልሰህ ትተኛለህ። እኔ ግን መቼ ልተኛ?»

ለካስ ሰውነቴን ስትወዘውዝ ነበር የምታድረው!

እናቴ ስትሰማ ወዲያው «ዱካክ ነው የሚጫንህ» አለች። ጠበል አስመጣችልኝ፣ ጠጣሁ። ዱካክ የምንለው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሰው ነቅቶ ሳለ እጅ እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ አንዳች ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ሲመስለው ነው። እኔ የሚሰማኝ ምንም ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ፤ ጠዋት ግን አፌ ደርቆ፣ ራሴን ወግሮኝ፣ ሲወቃ እንዳደረ እህል ሆኜ ነው የምነሣው። ያም ሆኖ እናቴ ብልህ ናት። «ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን» አለችኝ።

ነገሩን የቆረጠው ሞተሩ ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ቆላው እየወረድን ነበር። ከኋላዬ ተቀምጦ ሲያወራኝ መልስ ያጣል። ትከሻዬን ደለቀኝና «አንተ! ተኝተህ ነው እንዴ የምትነዳው? ወላሂ ሁለተኛ ካንተ ኋላ አልቀመጥም!» አለኝ። አቆምኩ። ከመንገዱ ዳር ቁልቁል ሲታይ ገደሉ መጨረሻ የለውም። ቁልፉን ከእጄ ወሰደ፤ ቀሪውን መንገድ እሱ ነዳ። ሲደርስ ግን የወሎ ልጅ ነውና «አብሽር፣ መድኃኒት አይጠፋለትም» አለኝ።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ስሊፕ አፕኒያ» ይሉታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። ስንተኛ የሰውነት ጡንቻ ሁሉ ይላላል። የጉሮሮ ሥጋና ምላስም አብረው ይላላሉ። ጉሮሮው በተፈጥሮ ጠባብ የሆነ፣ ወይም አንገቱ ላይ ስብ የተከማቸበት ሰው ሲላላ የአየሩ መንገድ ይደፈናል። ደረት ይስባል፣ አየር የለም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ለአፍታ ያነቃዋል፤ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ሰውዬው እንደነቃ እንኳን ሳያውቅ መልሶ ይተኛል። ከዚያ እንደገና። ሌሊቱን በሙሉ።

10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የቆየ መቋረጥ ነው የሚቆጠረው። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። እንዲሁ ቢተው የደም ግፊት ያመጣል፣ ልብን ያደክማል፣ ለስትሮክ ያጋልጣል። ትዳርንና ሥራን የሚያደርገውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እኛ ደገኞች ነን፣ አየር ማነስ ለእኛ ምናችን ነው?» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠኑ በባህር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ያ ግን ስለ ደም ነው። ጉሮሮ ከተደፈነ የደገኛ ደም ብቻውን ምን ያደርጋል?

አዲስ አበባ ወጣሁ። ለነገሩ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ስለዚህ ይህን በሽታ በስሙ የሚጠራ ሐኪም ማግኘት ለእኛ ትውልድ የመጣ ዕድል ነው። አንድ ክሊኒክ ጣቴ ላይ፣ ደረቴ ላይና አፍንጫዬ ሥር ሽቦ አስሮ አሳደረኝ። ጠዋት ውጤቱ ተነበበ፤ በሰዓት 41። ማለት በየደቂቃ ተኩሉ ጉሮሮዬ ይዘጋል! ሐኪሙ «ሲፓፕ ያስፈልግሃል፣ ግፊቱም 10» ብሎ ጻፈልኝ።

ሲፓፕ ማለት አየርን በቱቦና በማስክ አድርጎ ወደ አፍንጫ በግፊት የሚልክ ማሽን ነው። መድኃኒት የለበትም፣ ኦክስጅንም አይደለም፤ ተራ የክፍል አየር ነው። ግፊቱ ጉሮሮውን ከውስጥ እንደ ድንኳን ምሰሶ ደግፎ ክፍት አድርጎ ያሳድረዋል። ይህን ያገኘው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ውስጥ፣ የምንጣፍ አቧራ መሳቢያ ሞተር ገልብጦ በመጠቀም የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አስተኛ፤ በማግሥቱ ዓመት በ«ላንሴት» የሕክምና መጽሔት አሳተመው። ከዚያ በፊት ለከባዱ ሕመም የነበረው መፍትሔ ጉሮሮን በስቶ ቧንቧ መክተት ነበር። እንግዲህ አስቡት!

ማሽኑ የመጣልኝ ግን አንድ ጊዜ አይደለም። እንደ ወሎ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነበረው።

አቦል

የመጀመሪያው ማሽን የመጣው አሜሪካ ካለችው አክስቴ ነው። ጎረቤቷ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጣት፣ እሷም በሰው ሻንጣ ላከችልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 10 ላይ አስተካክለን፣ ማስኩን አጥልቄ ተኛሁ። ባለቤቴ «የጦር አውሮፕላን ነጂ መሰልክ» ብላ ሣቀች። ማንኮራፋቱ ቀነሰ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሌሊት ሳላስተጓጉል ተጠቀምኩ። ታዲያ ቀን ቀን እንቅልፉ አልለቀቀኝም። ባለቤቴም «ድምፁ ሄዷል፣ ዝምታዋ ግን አለች» አለችኝ። ማሽኑን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ማሽኑን ከግፊት መለኪያ ጋር አገናኘው። ማሽኑ 10 እያለ ማስኩ ላይ የሚደርሰው 8 እንኳን አይሞላም! ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ያ ከፍታ መጣ። እንዲህ ዓይነቱ የቆየ ማሽን ግፊቱን ራሱ አይለካም፤ የአየር ማራገቢያውን በተወሰነ ፍጥነት ማዞር ብቻ ነው የሚያውቀው። መካነ ሰላም ላይ ያለው የአየር ግፊት የባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ከሆነ፣ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲዞር የሚገፋው ያንሳል። ስስ ሽሮ በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው፤ ጭልፋው ያው ነው፣ የሚወጣው ግን አያጠግብም።

ማሽኑ የከፍታ ማስተካከያ ነበረው፤ ሦስት ደረጃ። የመጨረሻው ደረጃ ግን 2300 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። አዲስ አበባም መካነ ሰላምም ከዚያ በላይ ናቸው። የሠሩት ሰዎች እኛ ደመና ላይ እንደምንተኛ አልገመቱም ማለት ነው!

«ይቀየር» አለ ሐኪሙ።

ቶና

ጂዳ የምትሠራው እህቴ ስትሰማ አላስጨረሰችኝም። ከደመወዟ ቆጥባ አዲስ ገዝታ ላከች። ይህኛው «ኦቶ ሲፓፕ» የሚባለው ነው። የገዛ ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ በውስጡ አለው፤ ስለዚህ የአየሩን መሳሳት ራሱ ያካክሳል። በዚያ ላይ ጉሮሮ ሲዘጋ ግፊቱን ይጨምራል፣ ሲከፈት ይቀንሳል። የመመሪያው መጽሐፍ «እስከ 2591 ሜትር» ይላል። በጠርዙ ላይ ነን! ሐኪሙ በስልክ «ይሞከር፣ ግን ቁጥሩን እንከታተላለን» አለኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ ከ4 እስከ 20 ባለው ስፋት ተከፍቶ ነው የመጣው፤ ለጊዜው በዚያው ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌሊት ሆዴ በአየር ተነፍቶ፣ አፌ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ መንቃት ጀመርኩ። ወደ ውጭ ስተነፍስ ነፋስ ከፊቴ ቆሞ የሚከለክለኝ ይመስለኛል። አንድ ሌሊት ባለቤቴ መብራት አበራች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ዝምታዋ ተመለሰች» አለችኝ፤ «ግን እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ደረትህ ይታገል ነበር። አሁን ደረትህም ይቆማል። ልክ እንደ... ተወው።»

ያቺን «ተወው» እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ለአንድ ዕቃ አስመጪ ስደውልለት «ምን ትደክማለህ? ባይፓፕ ግዛ! እሱ ነው ጉልበታሙ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ግን ሰምታለች። ማታ ከሳጥኗ ውስጥ የጥሎሽ ሀብሏን አውጥታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከሀብሉ የከበደኝ ደግሞ ሌላ ነበር። አንድ ዘመዳችን «ከፍታው ከሆነ ችግሩ ወደ ኮምቦልቻ ውረድ» ብሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሯም ወፈር ይላል። እናቴስ? ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፤ ከቀዬዋ አልነቀልም ትላለች። ልጅ ጉሮሮውን ሊያድን እናቱን ጥሎ ይሄዳል? ሌሊት እሱን ሳሰላስል ማሽኑ ጆሮዬ ሥር ይነፍሳል።

በረካ

ሀብሉን ወደ ሳጥኑ መለስኩና ማሽኑን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ከማሽኑ ውስጥ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ አወጣ። የአርባ ሌሊት ታሪኬ እዚያ ላይ ተጽፏል! ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ግፊቱ መቼ እንደወጣና እንደወረደ፣ በማስኩ ዳር ስንት አየር እንደሾለከ፣ ትንፋሼ ስንት ጊዜ እንደቆመ።

ውጤቱ በሰዓት 17 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ጉሮሮ በመዘጋት የመጡት 3 ብቻ ናቸው። 14ቱ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ ያቋረጠባቸው ናቸው። ባለቤቴ ያየችው የቆመው ደረት ይኼ ነው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዓይኗ ብቻ፣ ሁለቱን የበሽታ ዓይነቶች ለይታ ነበር! ሐኪሙ ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ «ባለቤትህን ሰላም በልልኝ» አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። የደጋው ብርድና ደረቅ አየር አፍንጫዬን ይዘጋዋል። አፍንጫ ሲዘጋ አፍ ይከፈታል። ማስኩ የአፍንጫ ብቻ ስለሆነ አየሩ በአፌ ይሾልካል። ማሽኑ በዚህ ተደናግሮ ግፊቱን ይጨምራል፤ አንዳንድ ሌሊት 15 ደርሷል። ግፊቱ ሲበዛ ትንፋሽ ይጠልቃል፣ ሰውነት የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ ያልፋል። አንጎል የሚተነፍሰው ያን ጋዝ እየለካ ነውና ሲያንስበት «በቃኝ» ብሎ ለአፍታ ያቆማል። ከፍታ ደግሞ በራሱ እንዲህ ያለውን መቆም ያባብሳል።

«ታዲያ ባይፓፕ ልግዛ?» አልኩት።

«ባይፓፕ ሁለት ግፊት ነው ያለው» አለኝ፤ «ስትስብ ከፍ ያለ፣ ስታወጣ ዝቅ ያለ። ከፍተኛ ግፊት ለሚያስፈልገውና ወደ ውጭ መተንፈስ ላቃተው ሰው፣ በውፍረት ወይም በሳንባ ሕመም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚጠራቀምበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንተ ግን ችግርህ የሚወጣው መብዛቱ ነው። ተራው ባይፓፕ ትንፋሽን ይበልጥ አጥልቆ ያንኑ መቆም ሊያበዛብህ ይችላል።»

የልብ ምርመራም አዘዘልኝ፤ ደረት የሚያቆመው መቋረጥ አንዳንዴ ከልብ ድካም ይመጣልና። ልቤ ደህና ሆነች። ውድ ማሽን ሁሉ ለሁሉ ሰው እንደማይሆንም ነገረኝ። ከሁሉም የረቀቀው፣ በየትንፋሹ ግፊቱን የሚያስተካክለው የማሽን ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ትልቅ ጥናት ላይ፣ ልባቸው ደምን የመግፋት አቅሙ የደከመና እንዲህ ዓይነት መቋረጥ ያለባቸውን ሰዎች ሞት ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ጉልበታም ማለት ተስማሚ ማለት አይደለም።

በረካው አዲስ ማሽን አልነበረም። ያንኑ የእህቴን ማሽን ወሰደና ራሱን በራሱ ከሚቀያይርበት አውጥቶ 9 ላይ አቆመው። ወደ ውጭ ስተነፍስ ትንሽ የሚላላበትን ማስተካከያ ከፈተልኝ። የአፍንጫውን ማስክ አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ማስክ ቀየረው። የውሃ ማሞቂያውንም በየሌሊቱ እንድጠቀም አዘዘ። አለቀ! ከሦስት ሳምንት በኋላ የማሽኑን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ በሰዓት 4። «ኮምቦልቻም አትሄድ፣ ባይፓፕም አትግዛ» ብሎ መለሰልኝ።

ሀብሉ ዘንድሮ ለገና አንገቷ ላይ ነበር። የሥራ ባልደረባዬም ከኋላዬ መቀመጥ ጀምሯል፤ «ግን መልስ ስትዘገይ እደልቅሃለሁ» የሚል ውል አስፈርሞኝ። ባለቤቴ አሁን ከእኔ ቀድማ ነው የምትተኛው። ለነገሩ እሷም ታንኮራፋለች... ይህን ጋዜጣ እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ!

እናንተስ?

ውድ አንባቢያን፣ ከሦስቱ ስኒ የተረፈችኝን ምክር ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፦ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። በራሳችሁ እንቅልፍ ላይ ምስክር መሆን አትችሉም። ላጤ ከሆናችሁ አብሮ አደር ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ይቁጠርላችሁ። ማንኮራፋት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ማንኮራፋትና ዝምታ፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ የቀን እንቅልፍ ሲደመሩ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀጫጭን ሰዎችም፣ ሴቶችም ይያዛሉ።

ሁለተኛ፦ ሕክምናው እስኪስተካከል አትንዱ። መኪናም ሞተርም። ጫት ቅሞ ወይም ቡና ጠጥቶ መንዳት እንቅልፉን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ጉሮሮውን አይከፍትም።

ሦስተኛ፦ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣ ያገለገለ ማሽን ከሆነ ስሙንና ሲሪያል ቁጥሩን ለሐኪማችሁ አሳዩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ፊሊፕስ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የትንፋሽ ማሽኖቹን ለመሰብሰብ ጥሪ አድርጓል። ምክንያቱ ድምፅ ለመቀነስ ውስጣቸው የተደረገው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ብናኙና ጋዙ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል የሚል ነው። በኦዞን የሚሠራ ማጽጃ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ያ ጥሪ የወጣባቸው ማሽኖች በዘመድ ሻንጣ መዞራቸው አይቀርም። ሥራ ላይ ያለ ማሽን ካላችሁም ከሐኪም ሳትማከሩ በድንጋጤ አታቁሙ።

አራተኛ፦ ሐኪም የጻፈላችሁ ቁጥር የእናንተ ነው፤ የጓደኛችሁ አይደለም። ማሽን በቀየራችሁ ቁጥር፣ ማስክ በቀየራችሁ ቁጥር፣ ከፍታ ወዳለው አገር በሄዳችሁ ቁጥር ውጤቱ እንደገና ይታይ። ካርዱ ምስክር ነው፤ ጠይቁት። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ጣሪያም ሳታዩ አትግዙ፤ ብዙዎቹ ከ2300 እስከ 2600 ሜትር ባለው ውስጥ ነው የሚያቆሙት። ለአዲስ አበቤውም ለደገኛውም ይህ ወሳኝ ነው።

አምስተኛ፦ ውሃና መብራት። ለማሞቂያው የሚመከረው የተጣራ ውሃ ነው። ካጣችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ተጠቀሙ፤ ነጭ ዝቃጭ ስለሚተው ማጠራቀሚያውን በየቀኑ እጠቡ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ግን አሲድ የገባበት ሊሆን ስለሚችል አይሞከር! መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማሽኑን ከስታቢላይዘር ጋር አገናኙ። በባትሪ ለማደር ካሰባችሁ ማሞቂያውን አጥፉ፤ ኃይሉን የሚበላው እሱ ነው። ማሽን አልባ የሆነችውን ሌሊት በጎን ተኙ እንጂ በጀርባ አትተኙ።

ስድስተኛ፦ ማሽን መግዛት ለማይችል ሰውም መላ አለ። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ ማታ ከአረቄና ከእንቅልፍ ኪኒን መራቅ ይረዳል። ቀላልና መካከለኛ ለሆነው ሕመም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ሳብ አድርጎ የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው መሣሪያ አለ። ከባዱን ግን በእነዚህ ብቻ እወጣለሁ አትበሉ።

እናም እናንት የማስኩን መልክ የምትፈሩ እጮኛሞች! «ፍቅረኛዬ ይህን አጥልቄ ቢያየኝ ምን ይላል?» እያላችሁ የምትጨነቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጠይቁኝ እንጂ! ማስክ አጥልቆ የሚያድር ባል አያምርም፣ እውነት ነው። በየሌሊቱ እስከ ሠላሳ እየቆጠረች የምታድር ሚስት ግን ይበልጥ ያሳዝናል። ዛሬ ማታ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡት። ካንኮራፋ ይሣቅበት፣ ዝም ካለ ቁጠሩለት። ከአሥር ካለፈ ደግሞ ጠዋት ቡናው ላይ ንገሩት።

ቸር እንሰንብት!